«ዕድሜ ነው» የሚባል ምርመራ የለም

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባለው የአዲስ አበባ መሀል፣ በየትኛውም የውስጥ ደዌ ክፍል አንድ ቀን ብትውሉ ይህችን ቃል ሳትሰሙ አትወጡም፦ «ዕድሜ ነው እኮ፤ ምን ይደረጋል!» አስታማሚ ይላታል፣ ተረኛዋ ነርስ ትደግማታለች፣ አንዳንዴም ካርድ ላይ ሰፍራ ትገኛለች። ዕድሜ ግን ከእሁድ እስከ ማክሰኞ አይጨምርም። እሁድ አስቀድሰው በእግራቸው የተመለሱ እናት ማክሰኞ የገዛ ልጃቸው ስም ከጠፋቸው፣ በመካከል የሆነ ነገር አለ። ምናልባት የሳንባ ምች ነው፣ ምናልባት የስኳር መውረድ፣ ምናልባትም ባለፈው ሳምንት ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት የተገዛች ክኒን። እርጅና ግን አይደለም።

በጠና ስለታመሙ አረጋውያን የሚነገሩት ስህተቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የዚህችው ልጆች ስለሆኑ ከእናቲቱ እንጀምር።

«ጃጅተዋል፣ ይቀባጥራሉ»

መጃጀት በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን የመጣ መደናገር ዴሊሪየም ይባላል፤ ሌላ ቦታ ያለ ሕመም አንጎል ላይ የሚታይበት መንገድ ነው፣ እንደ ድንገተኛም ይቆጠራል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ «ድሮም ይረሳሉ» የሚለው መልስ ጥርጣሬውን ሊያጠነክረው ይገባል እንጂ ሊያስቀረው አይገባም።

አንዱ መለያው መዋዠቁ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት በራውንድ ላይ ለሐኪሙ በወጉ የመለሱ አባት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ካኑላቸውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን የመድኃኒት ቱቦ) ይነቅላሉ፣ ግድግዳው ላይ ሰው ያያሉ። የሌሊቷ ነርስ ይህን ብላ ስታስረክብ የቀኗ «ኧረ ደህና ናቸው!» ትላታለች። ሁለቱም አልዋሹም፤ የበሽታው ጠባይ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ማስታወሻ «ረብሸው አደሩ» ተብሎ እንዳይቀር። ስንት ሰዓት ላይ ምን እንዳደረጉ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሰከኑ ይጻፍ።

ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሰጋው ዝም ያለው ነው። ምግብ ይመልሳል፣ ዓይኑን ይከድናል፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፣ ማንንም አያስቸግርም። ስለሱ የሚጻፈው «ደህና ተኝተዋል» ነው። ክፍሉ ውስጥ በጣም ያልተቸገራችሁባቸውን ሽማግሌ መጀመሪያ እዩ።

እንዴት ይለያል? መጀመሪያ አስታማሚውን ጠይቁ፦ «ከወትሯቸው ተለይተዋል? ከመቼ ጀምሮ?» ይህ ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል፤ ካርዱ የማያውቀውን ወትሮ የሚያውቀው አልጋው ስር የሚያድረው ሰው ነው። ቀጥሎ ትኩረታቸውን ፈትኑ፦ የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ እሁድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያሉ። መሀል ላይ ክሩ ከተበጠሰባቸው፣ ወይም ወደ ፊት መቁጠር ከጀመሩና ሲታረሙም መመለስ ካቃታቸው፣ ትኩረት የለም ማለት ነው።

ከውጭ የመጡት ቅጾች የልደት ቀንና ዓመተ ምሕረት ይጠይቃሉ። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለድኩት» ብለው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ሰው ቀኑን አላወቁም ተብሎ ነጥብ አይቀነስባቸውም። ይልቅ ዛሬ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሚካኤል ነው ማርያም? ወሩ ጾም ነው ፍስክ? ለሙስሊሙ አባት ዙሁር ነው አስር? አጠገባቸው የተቀመጠው ማን ነው? ከዚህ በፊት ግን መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ በሚሰሙበት ጆሮ በኩል ቁሙ። አፋቸውን የፈቱት በጉራጊኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ የታመመ ሰው ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ይመለሳል፣ እናንተ ያልገባችሁ ንግግር ሁሉ ደግሞ መቀባጠር አይደለም።

ድንገት የመጣና የሚዋዥቅ ለውጥ ሲኖር፣ ትኩረትም ሲጠፋ፣ በዚህ ላይ ወይ ንግግሩ የተዘበራረቀ ወይ ንቃቱ የተለወጠ ከሆነ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ዴሊሪየም ነው። CAM የሚባለው ይህ መለኪያ በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ በቅደም ተከተል። ስኳር በግሉኮሜትር፤ ከሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የማይለካበት ሰበብም የለም። አተነፋፈስ፣ ሳቹሬሽን (ጣት ላይ የሚለካው የደም ኦክስጅን በመቶኛ)፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት። ቀጥሎ እጃችሁን ከእምብርት በታች አሳርፉ። ፕሮስቴት ያለባቸው አባት «ልውጣ፣ ልውጣ» እያሉ ሲታገሉ ፊኛቸው ከአንድ ሊትር በላይ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንሶላው እርጥብ ነው ማለት ሸንተዋል ማለት አይደለም፤ የሞላ ፊኛ ይንጠባጠባል። ከዚያ ድርቀት፣ ከዚያ ሕመም፣ ከዚያ ባለፉት ሳምንታት ወድቀው እንደሆነ መጠየቅ፤ ራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ምልክቱ ከሳምንታት በኋላም ይታያል። መጨረሻ የመድኃኒት ከረጢቱን አልጋው ላይ ገልብጡ። አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚን፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ሁሉም የሽማግሌን አንጎል ያደናግራሉ።

በዚህ ቦታ በብዛት የሚደረገው ግን ዳያዜፓም፣ ማስተኛውን፣ መውጋት ነው። በ80 ዓመት ሰው ውስጥ የመድኃኒቱ ግማሽ እንኳ ለመውጣት ከሦስት ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሰውየው ዝም ይላሉ፣ ፊኛው እንደሞላ ነው። አንድ እውነተኛ ልዩነት አለ፦ በየቀኑ አረቄ ይጠጡ የነበሩ ሰው ከተኙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጡና የሌለ ነገር ቢያዩ፣ መጠጥ በማቆም የመጣ ነውና ዳያዜፓም ያኔ ሕክምናቸው ነው፤ ታያሚንም (ቫይታሚን ቢ1) ያስፈልጋቸዋል። ስለ መጠጥ ሽማግሌን መጠየቅ ነውር የሚመስላት ነርስ ይህን አታገኘውም። «አባባ፣ ማታ ማታ ትንሽ ይቀምሳሉ?» ማለት በቂ ነው።

እጅን በፋሻ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ የታሰረ ሰው የበለጠ ይታገላል፣ ይቆስላል፣ ይፈራል። የአልጋው የጎን ብረትም ለሚነሣ ሰው መውደቂያውን ከፍ ከማድረግ ሌላ አይጠቅምም። የሚሠራው ይህ ነው፦ የሚያውቁት አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፤ አምስት ሆኖ መክበብ ያደናግራል። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ከአልጋ ወርደው ይቀመጡ። ሌሊት የተረጋጋ ሰው ለግፊት ተብሎ አይቀስቀስ። የማያስፈልግ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ይውጣ። ካኑላው እንዳይታይ በፋሻ ይጠቅለል። ራሳቸውን ወይም ሌላውን የሚጎዱ ከሆነ ብቻ ሐኪሙ ሃሎፔሪዶል የተባለውን ማረጋጊያ ሊያዝ ይችላል፤ ለአረጋዊ መነሻው ግማሽ ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

«ልክፍት ነው፣ ጸበል እንውሰዳቸው» ለሚሉ ቤተሰቦች አትቆጡ። ጸበሉ በጠርሙስ ይመጣል፤ ሰውየው ከአልጋው አይነሡ። መዋጥ እንደሚችሉ ሳይታይ ግን ጸበልም ቢሆን አይጠጡም።

«ትኩሳት ስለሌላቸው ኢንፌክሽን አይደለም»

የአረጋዊ ሰው ወትሯዊ ሙቀት ዝቅ ያለ ነው፤ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞትም ላይተኩስ ይችላል። በአፍ ሲለካ አንድ ጊዜ ከ37.8 ማለፉ፣ በተደጋጋሚ ከ37.2 በላይ መሆኑ ወይም ከራሱ ወትሮ በ1.1 ዲግሪ መጨመሩ ትኩሳት ነው። በብብት ሲለካ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያሳየው። ከሙቀት ቀድሞ የሚናገረው አተነፋፈስ ነው፤ በደቂቃ 25 ከደረሰ የሳንባ ምች እስኪወገድ ድረስ ጠርጥሩ። ችግሩ ማንም አይቆጥረውም። የክፍሉን ካርዶች ሁሉ ሰብስባችሁ እዩ፤ ሃያው በሽተኛ ሁሉ 20 ጊዜ ይተነፍሳል! 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛትም ያሳስታል። ሙሉ 60 ሰከንድ፣ እጃችሁ የልብ ምት የሚቆጥር መስሎ የእጅ አንጓቸው ላይ እንዳለ፣ ሳያውቁባችሁ ቁጠሩ።

«ግፊታቸው 115 ነው፣ እንደ ወጣት»

ክሊኒክ ላይ ሁልጊዜ 170 ለነበረ ሰው 115 መውደቅ ነው፤ ኩላሊቱም አንጎሉም ደም እያነሰው ነው። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል፣ የልብ ምት የሚያዘገዩ ክኒኖች፣ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ደም እየፈሰሰው እንኳ ልቡ ላይፈጥን ይችላል። የልብ ምት 76 አይታችሁ አትጽናኑ።

«ሳቹሬሽን 93፣ ኦክስጅን ይደረግ!»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የበሽተኛን መባባስ በነጥብ የሚያሳየው፣ ከእንግሊዝ አገር የመጣው የማስጠንቀቂያ ሠንጠረዥ ዜሮ ነጥብ የሚሰጠው ለ96 እና ከዚያ በላይ ነው፤ በ92 እና 93 ሁለት ነጥብ ይጨምራል። እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሽማግሌ በ93 ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደናገጥ ስህተት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ «ከፍታው ነው» እያሉ 86ን ማለፍ። ከገቡበት ቀን ጀምሮ የራሳቸውን ቁጥር ያዙ፤ ትናንት 94 የነበረ ዛሬ 89 ከሆነ ከፍታው አልተለወጠም። ከማመናችሁ በፊት ቀዝቃዛ ጣት አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም አጥፉ፣ ሂና ካለ ሌላ ጣት ወይም ጆሮ ሞክሩ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ምት በእጃችሁ ከቆጠራችሁት ጋር መግጠሙን እዩ። በዚሁ ሠንጠረዥ አዲስ መደናገር ብቻውን ሦስት ነጥብ አለው፤ ከአተነፋፈስ 25 እኩል። ይህን የምትሞላ ነርስ እምብዛም አትታይም።

«ሲስተር፣ አቅም እንዲያገኙ ግሉኮስ ይሰቀልላቸው»

ይህ የቤተሰብ ብቻ ጥያቄ ቢሆን ጥሩ ነበር። በአንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፤ ከ200 ካሎሪ በታች፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ ግድም። ቀሪው ውሃ ነው። ያ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን የሶዲየም (የጨው) መጠን ያወርዳል፣ መደናገሩን ያባብሳል፣ የደከመ ልብ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሳንባ ያጥለቀልቃል። ፈሳሽ ሲያስፈልግ ትክክለኛው ዓይነት በትእዛዝ፣ በየ250 ሚሊ ሊትሩ እየቆሙ፦ አተነፋፈስ ቆጥሮ፣ የሳንባ ግርጌ አዳምጦ፣ ሽንት ለክቶ። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለና መስመሩ 20 ጠብታ በሚሊ ሊትር ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ነው፤ «ቀስ ብሎ ይግባ» የሚባል ልኬት የለም።

ግሉኮስ በእርግጥ የሚያስፈልገው ስኳሩ ለወረደበት ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ በጾም ወቅት ይመጣል። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ፣ የስኳር በሽታ ክኒን፣ ዋጥ አድርገው እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት ላብ ላያልባቸው፣ ላይንቀጠቀጡ ይችላሉ፤ መደናገር ብቻ ይታይባቸዋል። ስኳሩ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ሰጥቶ በ15 ደቂቃ እንደገና መለካት። ራሳቸውን ከሳቱ 50 ሚሊ ሊትር የ40 በመቶ ግሉኮስ፣ በደንብ በሚሠራ ደም ሥር፣ ቀስ ብሎ፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ያቃጥላል። ነቁ ብሎ ወደ ቤት መሸኘት ግን ያልተማረ ስህተት ነው። ክኒኑ ኩላሊት የደከመበት ሰው ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያልና ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ቢያንስ 24 ሰዓት እየተለካ ይቆዩ።

አጫጭሮቹን እንለፋቸው። «ደረታቸውን ስላላመማቸው ልብ አይደለም»፤ በአረጋዊ፣ በተለይ ስኳር ባለበት፣ የልብ ሕመም የትንፋሽ ማጠር፣ ላብ ወይም ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ኢ ሲ ጂ (የልብ ምርመራ) ይነሣ። «ሽንታቸው ላይ ባክቴሪያ ተገኘ፣ ምክንያቱ እሱ ነው»፤ ምንም ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያ የሚገኝባቸው አሮጊቶች ብዙ ናቸው፤ መፈለጋችሁን አታቁሙ። «ቆዳቸው ሲቆነጠጥ አይመለስም፣ ውሃ አጥሯቸዋል»፤ የአረጋዊ እጅ ቆዳ ውሃ ሳያጥረውም አይመለስም፤ ምላስና ሽንት እዩ። «ክሪያቲኒን 1.0፣ ኩላሊት ደህና ነው»፤ ክሪያቲኒን የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፣ ግን የ85 ዓመት፣ 45 ኪሎ ለሆኑ እናት ይህ ቁጥር በደቂቃ 29 ሚሊ ሊትር ግድም ብቻ ማጣራት ነው፤ ኩላሊት የሚጎዳውን ጄንታማይሲን ከመስጠታችሁ በፊት አስሉት። «ካልቀላ የአልጋ ቁስል አልጀመረም»፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፤ ሙቀቱን፣ መጠንከሩን፣ ማበጡን በእጅ ዳስሱ፤ ተረከዝ ስር ውሃ የተሞላ ጓንት ማድረግም ይቅር፣ ትራስ ባት ስር ገብቶ ተረከዙ አየር ላይ ይሁን።

«ካልበሉ አይድኑም» የሚለው ግን ከአንድ መስመር በላይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በፍቅር ነው የሚገድለው። እንቅልፍ የተጫናቸውን እናት ልጃቸው በጀርባቸው እንደተኙ አጥሚት በማንኪያ ስትሰጥ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ሳይነቁ ምንም አይሰጥ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ በትንሽ ማንኪያ ይጀመር፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ይዋጡ፣ ድምፃቸው ረጥቦ ከተሰማ ወይም ካሳላቸው ይቁም። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ቀጥ ብለው ይቆዩ። ልጅቷን «አትስጪ» ብሎ መቆጣት አይበቃም፤ እንዴት እንደምትሰጥ አሳይዋት።

በመጨረሻ ለተረኛ ሐኪም ስለሚደወለው ስልክ። «ዶክተር፣ 7ኛ አልጋ ላይ ያሉት እማማ አልተመቻቸውም» ተብሎ ሲደወል «ዕድሜያቸው ነው፣ ጠዋት አያቸዋለሁ» የሚል መልስ ቢመጣ ማን ይገረማል? እንዲህ ይባል፦ «7ኛ አልጋ፣ የ78 ዓመት እናት፣ በሳንባ ምች ተጠርጥረው ትናንት የገቡ። እስከ ማታ 2 ሰዓት ልጃቸውን ያውቁ ነበር፤ አሁን አያውቁም፣ ቀናት ወደ ኋላ መቁጠር አልቻሉም። አተነፋፈስ 28፣ ሳቹሬሽን ከ93 ወደ 88 ወርዷል፣ ግፊት 104 በ60፣ ወትሯቸው 160 ነው። ስኳር 142፣ ፊኛ አልሞላም። ኦክስጅን ጀምሬያለሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ።» የደወላችሁበት ሰዓትና የተሰጠው መልስ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ያውም ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ፣ ምክንያቱም ባዶ «8 ሰዓት» አንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ አድርጎ ያነበዋል። በ15 ደቂቃ ሰው ካልመጣ እንደገና ለክታችሁ፣ ወደ ሲኒየሩ ደውሉ።