«ዲዛይኑን ከየት አመጣሽው?»

ደሴ ውስጥ ኪሮሽ (በመንጠቆ መርፌ የሚሠራ የክር ሥራ) ይዤ ቡና ላይ ስቀመጥ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ይሄን ዲዛይን ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይላል። ግን ከሥሩ ብዙ የተሳሳተ ነገር ተሸጉጧል። አብዛኛውን እኔም አምኜው ስለነበር አልፈርድም።

«ሐሳብ የሚገኘው ከስልክ ነው»

ፒንተረስትና ቲክቶክ ላይ ቆንጆ ሥራ ሞልቷል። እኔም ከመቶ በላይ ፎቶ አስቀምጫለሁ። ከነዚህ ውስጥ ሠርቼ የጨረስኩት ሁለት ነው። ፎቶ የክሩን ውፍረት አይነግርም፣ ጀርባውንም አያሳይም። ቤት ያለ ዕቃ ግን ይገለበጣል፣ ይዳሰሳል፣ ይቆጠራል።

መሶባችሁን አምጡና ክዳኑን እዩት። የሰፋችው ሴት ከመሃል ጀምራ፣ እየዞረች፣ ዙሩን እየቆጠረች ነው ቀለም የቀየረችው። ክብ ኪሮሽም አካሄዱ ይኸው ነው፤ ከመሃል ወደ ውጭ፣ ዙር በዙር። ለዚህ ነው የመሶብ ጌጥ ወደ ኪሮሽ ሲመጣ ብዙ የማያስቸግረው። የመጀመሪያው «የራሴ» ዲዛይን የእናቴ መሶብ ክዳን ነበር። ከአራቱ ቀለም ሦስቱን ብቻ ወሰድኩ። ጥበብ እንዳይመስላችሁ፣ ወይን ጠጅ ክር ገበያ ላይ ጠፍቶ ነው።

ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ከወረዳችሁ ደግሞ ዓይን ይጠግባል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ነው። አንዷ ሻርፕ ላይ ያየሁት ብርቱካንማና ጥቁር አረንጓዴ እኔ በሕይወቴ አጣምሬው አላውቅም ነበር። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ስለሆነ ሦስት ቀለም ብቻ በቃሌ ይዤ እመለሳለሁ። ከሦስት በላይ ከሆነ ኮምቦልቻ ሳልደርስ ይጠፋኛል።

«የነጠላ ጥለት እንዳለ ይገለበጣል»

ይሄኛው ተቃራኒው ስህተት ነው። ጥለቱን በሒሳብ ደብተር ሳጥን ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ገለበጥኩ። ሳጥን በሳጥን ሠራሁት። የጥለቱ መስቀል ተጨፍልቆ ቁጭ አለ!

ሽመና ድርና ማግ ነው፤ ክር ከክር ይሻገራል። ኪሮሽ ግን አንድ ክር ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየገባ የሚሄድ። ሲንግል የሚባለው አጭሩ የኪሮሽ ዓይን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከወርዱ ያንሳል። ደብተሩ ላይ እኩል የሆነው ሳጥን በክር ሲሠራ እኩል አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ መዳፍ የምታክል ናሙና ሥሩ። 10 ሲንግል በ10 መስመር፣ ከዚያ በማስመሪያ ለኩት። ምን ያህል መስመር መጨመር እንዳለባችሁ እዚያው ይታያል።

ሌላ መንገድም አለ። የድሮ የሶፋ ዳንቴል ላይ ያሉትን ወፎችና ጽጌረዳዎች አስታውሱ። እነሱ የተሠሩት በቀዳዳና በድፍን ሳጥን ነው። ጥለት ለዚህ አሠራር በጣም ይመቻል። ዳንቴል የአሮጊቶች ነው የምትሉ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን አንሱና አንገት ልብስ ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ እናወራለን።

«የማውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ምን ልፈጥር?»

ይሄን ወሎ ቁጭ ብሎ የሚል ሰው ይገርመኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራት ቅኝት፣ እያንዳንዱ አምስት ድምፅ። ዜማው አለቀ ሲባል የሰማ አለ? ቼይን (ሰንሰለቱን)፣ ሲንግልና ደብል (ከሲንግል ረዘም የሚለውን) ካወቃችሁ ለዓመታት የሚሆን ሥራ አላችሁ።

«ከተበላሸ መፍታት ነው»

ክብ ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በሲንግል ስትሠሩ ከ6 ትጀምራላችሁ፤ በየዙሩ 6 ትጨምራላችሁ። 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ካነሰ ይጎደጉዳል፣ ኮፍያ ይሆናል። ከበዛ ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል።

ጎረቤቴ የጠረጴዛ ዳንቴል ጀምራ ዳሩ አልተኛ አላት። በእጇ ብትደፈጥጠው፣ ብትተኩሰው፣ ወይ ፍንክች። ልትፈታው ክሩን ስትስብ አንዷ ቡና ጠጪ «አብሽሪ፣ ይሄማ የልጅ ቀሚስ ዳር ነው» አለች። እውነቷን ነው። አሁን ልጅቷ በዓል በመጣ ቁጥር ትለብሰዋለች።

ይህን ሽብሽብ ሆን ብላ የሠራች የሒሳብ ሊቅም አለች። ዳይና ታይሚና ትባላለች፣ ላትቪያዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ እንደ ጎመን ቅጠል የሚሸበሸብ ገጽ ጂኦሜትሪ ለተማሪ የሚዳሰስ ማድረግ ፈለገች። የወረቀቱ ሞዴል ቶሎ ይቀደዳል። እሷ ኪሮሽ አነሳች፤ በተወሰነ ቁጥር ልዩነት አንድ እየጨመረች ሠራችው። ጎረቤቴ ሳታውቅ የደረሰችበት ነገር ነው።

ሁሉም ስህተት ዲዛይን ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሹራቡ አንድ እጅጌ ከሌላው ከረዘመ ፍቱት። አትከራከሩ።

«ጥሩ ክር ከሌለ አይሆንም»

ሰልባጅ ተራ ሂዱ። ሹራቡን ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ዳሩ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘመዝም ማሽን) የተሰፋ ከሆነ ተዉት፤ ስትፈቱት ቁርጥራጭ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተጋጠመ ከሆነ ክሩ እየተተረተረ ይመጣላችኋል። ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙት፣ አራት ቦታ እሰሩት፣ እጠቡት። ውሃ ያለበት ሃይላንድ ከታች አንጠልጥላችሁ አድርቁት። የተኮማተረው ይስተካከላል።

ክሩ ምን እንደሆነ ካልገባችሁ ቁራጩን በክብሪት ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ሲንተቲክ ቀልጦ ድርቅ ያለ ጠብታ ይሆናል፤ ከሱ ድስት መያዣ እንዳትሠሩ።

ክሩ ራሱ ሐሳብ ያመጣል፣ አየሩም እንደዚሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የጦሳ ተራራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራቡ ይወልቃል። ሱፍ የሚመስለው ለደሴ አክስት የትከሻ ፎጣ ይሁን፣ ቀጭኑ ጥጥ ለኮምቦልቻዋ ሳሳ ያለ ሻርፕ። ማን፣ የት ሊለብሰው እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹ ዲዛይን አልቋል።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሞልቶ በእጅ ማን ይለፋል?»

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቆየ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ማሽን ሹራብ ይሠራል፣ ዳንቴል መሳይ ጨርቅም ያወጣል። እውነተኛውን ኪሮሽ በብዛት የሚያመርት የፋብሪካ ማሽን ግን የለም። ኪሮሽ መስሎ በፋብሪካ የወጣው ልብስ በሌላ የሹራብ ዘዴ የተሠራ ነው። እውነተኛ ሆኖ በርካሽ ከተሸጠ ደግሞ የሆነ ቦታ አንዲት ሴት ትንሽ ተከፍሏታል።

ባለፈው አንዷ ደንበኛ ሻርፑን ይዛ «ማሽን ነው አይደል?» አለችኝ። ገልብጬ የክሩን ጫፍ ፈልጊ አልኳት። በጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ መነጽሯን አወጣች። አላገኘችውም፤ በእጄ ውስጥ ለውስጥ ደብቄዋለሁ። ዋጋ መከራከሩን ግን አልተወችም።