የአሮጌ መኪና የዘመመ በር፦ መንስኤው፣ ምርመራውና ጥገናው

የመኪና በር ዘመመ የሚባለው ከማጠፊያው የራቀው ጫፉ ከተሠራበት ቦታ ዝቅ ሲል ነው። ይህን ከዓይን በፊት እጅና ጆሮ ያውቁታል። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ጫፉ ከመቀበያው (ቁልፉ ከሚነክሰው ብረት) ጋር ይላተምና ወደ ላይ ዘሎ ይገባል፤ ሲከፈት ደግሞ ተመልሶ ዱብ ይላል። ቆየት ሲል በሩን ለመዝጋት ማንሳት ወይም በኃይል መወርወር የግድ ይሆናል። ጎን ቆሞ ለሚያይ ሰው በበሩና በፊተኛው ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠባል። በኋላው ጠርዝ በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ከላይ ይጠባል፣ ከታች ይሰፋል። በመኪናው ጎን የሚያልፈው የላሜራ መስመርም በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይሰበራል።

የአንድ በር ክብደት በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ኪሎ ግራም ነው፤ ሁለት በር ብቻ ያላቸው መኪኖች በር ረጅም ስለሆነ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። መስታወቱ፣ የመስታወት ማንሻው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ቁልፉ ሁሉ ውስጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ደንብ በሮች የጎን ግጭትን እንዲቋቋሙ ስላስገደደ፣ በበሩ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ማጠናከሪያ መግባቱ ተለመደ። ይህ ሁሉ ሸክም የተንጠለጠለው በሁለት ማጠፊያዎች ላይ ነው።

ሸክሙ ማጠፊያዎቹን ወደ ታች ብቻ የሚጎትታቸው ይመስላል። ነገር ግን የበሩ ክብደት የሚያርፈው ከማጠፊያው ርቆ፣ ወደ በሩ መሃል ስለሆነ የላይኛውን ማጠፊያ ከታሰረበት የመኪናው ምሰሶ ያርቀዋል፣ የታችኛውን ወደ ምሰሶው ይገፋዋል። ምሳሌ እንውሰድ። በሩ 30 ኪሎ ቢመዝን፣ የክብደቱ ማዕከል ከማጠፊያው 50 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ማጠፊያ ከ37 ኪሎ በላይ የሆነ የአግድም ጫና ይሸከማል። ከመኪናው የሚወርድ ሰው በተከፈተው በር ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል ተደግፎ ቢነሳ፣ በሩ አንድ ሜትር ከሆነ፣ ሌላ 50 ኪሎ ይጨመርበታል። የሾፌሩ በር ከሌሎቹ ቀድሞ የሚዘመው ለዚህ ነው፤ የሚከፈተውም የሚደገፉበትም እሱ ነው።

በዚሁ ስሌት በላይኛው ማጠፊያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ልልነት ቢፈጠር የበሩ የኋላ ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ይወርዳል። በአሮጌ መኪኖች ላይ በላሜራዎች መካከል የሚተወው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ ትንሽ መዛነፍ አይደለም። በዓይን የማይታይ የማጠፊያ መበላት በጫፉ ላይ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ የት ነው?

አብዛኛው የተበላሸ ጥገና የሚጀምረው ከመፍቻው ሳይሆን ምርመራውን ከመዝለል ነው። ዘዴው ቀላል ነው። በሩን ግማሽ ያህል ከፍቶ የኋላ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ማነቃነቅ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ጣቱን በማጠፊያው መጋጠሚያ ላይ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ነው። የማጠፊያው ሁለት ክንፎች እርስ በርስ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ የተበላው ፒኑ ወይም ቡሺንጉ ነው፤ ቡሺንግ ማለት ፒኑ የሚዞርበት፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የሚሠራው ቀለበት ነው። ማጠፊያው እንዳለ ከላሜራው ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም ምሰሶው ተሰንጥቋል፣ አለዚያም ዝገት ውስጡን በልቶታል። ምንም ልልነት ሳይኖር በሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ማጠፊያው ታጥፏል፣ ወይም የመኪናው አካል ራሱ ተንቀሳቅሷል።

ይህን የመጨረሻውን ማንም ሰው ሊፈራው ይገባል። ሻሲ በሌላቸው፣ አካላቸው ራሱ ተሸካሚ በሆነ መኪኖች ላይ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ደፍ ዋና አጥንት ነው። ጣሪያ በሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ከላይ የሚያግዝ ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ በደፉና በወለሉ ላይ ይወድቃል። ደፉ በዝገት ሲዳከም መኪናው መሃሉ ላይ ይሰምጣል፤ ማጠፊያዎቹ አዲስ ቢሆኑም የበሩ ክፍተት ይዛነፋል። ለማረጋገጥ በሩን ዘግቶ ክፍተቱን መለካት፣ ከዚያ መኪናውን በክሪክ ከፊት አንስቶ እንደገና መለካት ነው። ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ፣ በተነሳው መኪና ላይ በሩ አልከፈት ካለማ የሚጠገነው ደፉ ነው እንጂ በሩ አይደለም። ደፉ በሚቀየርበት ጊዜም በሩ የሚገባበት ክፍት ቦታ በብረት ካልተወጠረ አካሉ በተዛነፈበት ይበየድና ክፍተቱ ዳግመኛ አይመለስም።

ከምርመራው ሁሉ ትልቁ ግን የበሩ መቀበያ፣ ማለትም በኋላው ምሰሶ ላይ የታሰረውና ቁልፉ የሚነክሰው ብረት፣ ተፈትቶ በሩን ያለ እሱ ቀስ ብሎ ገጥሞ ማየት ነው። መቀበያው በቦታው እስካለ ድረስ የወረደውን በር አንስቶ ስለሚይዘው የተዘጋው በር ደህና ይመስላል። ሲወጣ በሩ የሚያርፍበት ቦታ ማጠፊያው ብቻውን የሚሰጠው ቦታ ነው። የመቀበያው ሥራ በሩን መያዝ እንጂ መሸከም አይደለም። ብዙዎች ግን መቀበያውን ዝቅ አድርገው በሩ በቀላሉ እንዲዘጋ ያደርጉና ተጠገነ ይላሉ። በሩ ይዘጋል፤ ማጠፊያው ግን መበላቱን ይቀጥላል፣ የበሩ የታች ጠርዝም ውሎ አድሮ ደፉን ይፍቃል።

ፒንና ቡሺንግ መቀየር

ጉዳቱ በፒኑ ላይ ከሆነ በሩን ከነማጠፊያው ማውረድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በተከፈተው በር ሥር ክሪክ ይገባል፣ በክሪኩና በላሜራው መካከል ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት ይደረጋል። ክሪኩ የበሩን ክብደት መቀበል ብቻ ነው ያለበት፤ ከዚያ በላይ ከተነሳ ፒኑን ጠምዝዞ ይይዘዋል። በሩን ከልክ በላይ እንዳይከፈት የሚያቆመው ማሰሪያ ይፈታል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም እንዳይወጠር ይታያል። አንዳንድ ማጠፊያዎች በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ጠንካራ ስፕሪንግ አላቸው። ስፕሪንጉ በተገቢው መሣሪያ ካልተያዘ ተወርውሮ ፊት ሊመታ ስለሚችል፣ መነጽር ሳያደርጉ እዚህ ቦታ ላይ መሥራት ዓይንን ለአደጋ መስጠት ነው።

ማጠፊያዎቹ አንድ በአንድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው አዲስ ፒን ገብቶ ሳያልቅ ሁለተኛው አይነካም፤ በሩ ቦታውን ሳይለቅ የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው። አሮጌው ፒን ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተቀብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በመዶሻና በመምቻ ብረት ይወጣል። አሮጌዎቹ ቡሺንጎች ተመትተው ይወጡና አዲሶቹ በቀጥታ፣ ሳይጣመሙ ይገባሉ። እነሱን በመዶሻ ከመቀጥቀጥ በብሎንና በዳዶ መካከል አድርጎ ቀስ በቀስ አጥብቆ ማስገባት ይሻላል። የተጣመመ ቡሺንግ ፒኑን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚነካው ቶሎ ያልቃል።

ከባድ የሚሆነው ቀዳዳው ራሱ ከክብነት ወደ እንቁላል ቅርፅ ሲለወጥ ነው። ለተወሰኑ ሞዴሎች ወፈር ያለ ፒን ይሠራል፤ ቀዳዳው በማስፊያ መሣሪያ ተስተካክሎ ከአዲሱ ፒን ጋር ይገጠማል። በትራፓኖ ማስፋት ግን አይመከርም፣ ትራፓኖ የተበላውን ወገን ተከትሎ ስለሚሄድ ቀዳዳው እንደተዛነፈ ይቀራል። ፒኑን ከማጠፊያው ጋር በይዶ ልልነቱን መደበቅም መጥፎ ልማድ ነው። በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 206 የጎን በር ማጠፊያዎች በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ 11,000 ኒውተን፣ ወደ ጎን ደግሞ 9,000 ኒውተን ጫና ችለው በሩን እንዲይዙ ይጠይቃል። ማጠፊያ ለአደጋ ቀን ጭምር የተሠራ ነገር ነውና በችኮላ ብየዳ የተያዘ ማጠፊያ ያንን ኃይል ይችላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ማስተካከል

ማጠፊያው በብሎን የታሰረ ከሆነ ከምሰሶው ውስጥ ያለው፣ ብሎኑ የሚጠብቅበት የክር ሳህን ብዙውን ጊዜ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከመፍታት በፊት የማጠፊያው ዙሪያ በሹል ነገር ምልክት ይደረግበታል፤ መነሻው የጠፋበት ሰው ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል። የኋላ ጫፉን ለማንሳት የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላላ ተደርገው የበሩ የላይኛው ክፍል ወደ ምሰሶው ይጠጋል። ሌላው መንገድ በታችኛው ማጠፊያና በምሰሶው መካከል ስስ ላሜራ ማስገባት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት የአንድ ሚሊሜትር ላሜራ ጫፉን ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያነሳዋል፤ ስለዚህ በግማሽ ሚሊሜትር መጀመር ነው።

ማጠፊያው በብየዳ ከተያዘ የሚስተካከለው በማጠፍ ብቻ ነው። ለዚህ የተሠሩ ረጅም እጀታ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። በማጠፊያው መሃል እንጨት አስገብቶ በሩን ወደ መዘጋት መግፋትም የቆየ የባትላሜራ ዘዴ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ፒኑ የላላ ከሆነ ምንም ጥቅም የለውም፣ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ምሰሶውን ያጎብጣል።

አራት በር ባለው መኪና ላይ ሥራው ከኋላ ይጀምራል። መንቀሳቀስ በማይችለው የኋላ ላሜራ ልክ የኋላው በር፣ በእሱ ልክ የፊቱ በር፣ በመጨረሻም ፓራፋንጎው ይስተካከላል። መቀበያው የሚመለሰው በሩ ያለ እሱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ቁልፉ መቀበያውን መሃል ላይ ሲያገኘው በሩ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም።

በእንጨት ቅርጽ ላይ ላሜራ የለበሱ ጥንታዊ መኪኖች መንገዳቸው የተለየ ነው። ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1914 ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አካል ይዞ እስኪመጣ ድረስና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የመኪና አካል ውስጡ እንጨት ነበር፤ ሞርጋን እስከ ዘመናችን በዚህ አሠራር ቆይቷል። እዚያ የሚዘመው ማጠፊያው ብቻ ሳይሆን የእንጨቱ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው ካልታደሰ ወይም በበሩ ውስጥ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የኋላ ማዕዘን በሰያፍ የሚወጥር ብረት ካልገባ አዲስ ፒን አያድነውም።

የበሩ ጎማ አዲስ ሲሆን በሩ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አንዳንዴ ዘመመ ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ ግን ጎማው ሲለምድ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ማጠፊያው አይነካም።

ከጥገና በኋላ ፒኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጭን ዘይት ወይም የሊቲየም ግራሶ ሊያገኙ ይገባል፤ አሮጌው ቅባት መጀመሪያ ይጠረጋል፣ አቧራ የያዘ ግራሶ ነሐሱን እንደ ሞረድ ይበላዋልና።