ስኳር ስላበዛን ባክቴሪያ አይበዛም

ሁለት ሊትር በምትይዝ የጠረጴዛ ፈርመንተር (ባክቴሪያ በፈሳሽ ውስጥ የሚያድግበት፣ ምግቡንና አየሩን የሚቆጣጠር ዕቃ) ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አጨናንቆ ማሳደግ ሲታሰብ፣ ከፍላስክ (ከተራው የላብራቶሪ ጠርሙስ) ዘመን የመጡ ጥቂት እምነቶች አብረው ይገባሉ።

«ምግቡን ከመጀመሪያው ሙሉውን ብንሰጠው ይበዛል።» ብዙ ድካም ገደል የሚገባው በዚህ ነው። ኢ. ኮላይ ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሲትረፈረፍለት፣ ኦክስጅን እያለው እንኳ ሁሉንም አቃጥሎ አይጨርስም፤ ከፊሉን አሲቴት (የኮምጣጤ አሲድ ዓይነት) አድርጎ ይተፋዋል። አሲቴቱ በሊትር ጥቂት ግራም ሲደርስ የተፋውን ራሱን ያንቀዋል። ስለዚህ በሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም ግሉኮስ ይጀመርና እሱ ሲያልቅ ወፍራም የግሉኮስ ብጥብጥ በፓምፕ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ባክቴሪያው ሁልጊዜ ትንሽ እንደራበው መቆየት አለበት። በፍላስክ ኦዲ (በፈሳሹ ድፍርስነት የባክቴሪያውን ብዛት የሚያሳይ ቁጥር) 5 አካባቢ የሚቆመው ያው ዝርያ፣ እንዲህ ሲመገብ 100 ያልፋል።

«ኦክስጅኑ ከፍ አለ፣ ማማሰያውን እንቀንስ።» ኧረ ቆይ! ለሰዓታት ሲወርድ የነበረው፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚያሳየው ቁጥር ድንገት ሽቅብ ከዘለለ፣ ግሉኮሱ አልቆ ባክቴሪያው መተንፈሱን ቀንሷል ማለት ነው። መነካት ያለበት የምግቡ ፓምፕ ነው።

«ፈርመንተር ነውና ያው ማብላላት ነው።» ስሙ ነው የሚያሳስተው። የጠላ ጋን አፉ የሚመረገው አየር እንዳይገባ ነው፤ እዚህ ግን በየደቂቃው የፈሳሹን መጠን ያህል አየር ይነፋበታል። ያም አይበቃም። በ37 ዲግሪ አየር የጠገበ ውኃ በሊትር 7 ሚሊግራም ኦክስጅን እንኳ አይዝም፤ የተጨናነቀ ካልቸር (ባክቴሪያው ከነፈሳሹ) ይህን በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ማማሰያው በደቂቃ ከ1000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው፣ ከዚያም ንጹህ ኦክስጅን የሚቀላቀለው። ስክሪኑ ላይ «30 በመቶ» ሲል ደግሞ ከዚያችው ትንሽ መጠን 30 በመቶ ማለቱ ነው።

«አረፋ ካስቸገረ ማጥፊያውን ጨመር ማድረግ ነው።» ሲበዛ ኦክስጅን ወደ ፈሳሹ እንዳይገባ ያደርጋል። በጠብታ ይበቃል።

«ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) ለማስተካከል የትኛውም ቤዝ ያው ነው።» የአሞኒያ ውኃ ከሆነ አሲዱን እያበረደ ናይትሮጅንም ይመግባል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግን ሶዲየሙ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

«ኦዲው 2 አካባቢ ቆሟል፣ አላደገም።» የቆመው መሣሪያው ነው። ናሙናው ሳይቀጥን ከገባ ኦዲን የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር እውነቱን አይናገርም። 200 ጊዜ አቅጥነው 0.4 ካነበበ፣ ፈርመንተሩ ውስጥ ያለው 80 ነው።