ኢዚንግ፦ በሞሽን ግራፊክስ የእንቅስቃሴ አነሳስና አቋቋም

ኢዚንግ በአኒሜሽንና በሞሽን ግራፊክስ ሥራ አንድ ነገር ከቆመበት ሲነሳ እየፈጠነ፣ ሊቆም ሲል ደግሞ እየዘገመ እንዲሄድ የማድረግ ዘዴ ነው። መነሻው፣ መድረሻውና የሚፈጀው ጊዜ አይነኩም፤ የሚለወጠው በየፍሬሙ (ቪዲዮውን በሚሠሩት በእያንዳንዱ ምስል) የሚሄደው ርቀት ብቻ ነው። ከቦታ ሌላ ለመጠን፣ ለሽክርክሪት፣ ለቀለምና ለኦፓሲቲም (ምን ያህል እንደሚያሳልፍ) ይሠራል።

አንድ ክብ በ1 ሰከንድ 1000 ፒክስል ይሂድ፣ ቪዲዮው በሰከንድ 25 ፍሬም ነው እንበል። ያለ ኢዚንግ ክቡ በእያንዳንዱ ፍሬም እኩል 40 ፒክስል ይሄዳል። ተወርውሮ ይነሳል፣ ሲደርስም ግድግዳ እንደመታ ድርቅ ይላል። በአፍተር ኢፌክትስ፣ በተለመደው የሞሽን ግራፊክስ ፕሮግራም፣ ሁለቱ ኪፍሬሞች (መነሻውና መድረሻው የተመዘገቡባቸው ነጥቦች) ተመርጠው ኢዚንግ የሚሰጠው ኤፍ9 ቁልፍ ሲጫን ግን በመጀመሪያው ፍሬም 5 ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ መሃል ላይ 60 ደርሶ ወደ መጨረሻው እንደ አነሳሱ ይቀንሳል። ኢዚንግ ያለውም የሌለውም የሚደርሱት በዚያችው ሰከንድ ነው።

በእርሳስ ዘመን

ዘዴው ከኮምፒውተር ይቀድማል። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ጫፍና ጫፍ ይሥላል፤ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ረዳቱ ይሞላል። ረዳቱ በግምት እንዳይሠራ ዋናው ሠዓሊ በወረቀቱ ዳር አንድ መስመር አስምሮ በላዩ ላይ ትናንሽ ጭረቶች ያደርግበታል። እያንዳንዱ ጭረት አንድ ሥዕል ነው። መጀመሪያ እኩሌታው ላይ ይጫራል፣ ቀጥሎ ከእኩሌታው እስከ ጫፉ ባለው አጋማሽ፣ ከዚያም በቀረው አጋማሽ። ጭረቶቹ ጫፎቹ አካባቢ ተጠጋግተው መሃሉ ላይ ሲራራቁ እንቅስቃሴው በዝግታ ተነስቶ በዝግታ ይቆማል። ዛሬ በግራፍ የሚታየው ነገር ሁሉ በዚያች ጭረት ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዲዝኒ ስቱዲዮ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ከአኒሜሽን 12 መርሖች አንዱ አድርገው «ስሎው ኢን፣ ስሎው አውት» በሚል ስም አስፍረውታል። ዘዴውን የዲዝኒ ሰዎች ፈጠሩት የሚሉ አሉ፤ ስም አውጥተው ሥርዓት አስያዙት ማለት ሳይሻል አይቀርም። ሁለቱ አንጋፋዎች ዘዴው ሲበዛ እንቅስቃሴውን የማሽን እንደሚያስመስለውም አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ የሚሰማው ጥቂት ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ

ማሽኑ እንዲያው ከተተወ በሁለት ኪፍሬሞች መካከል ያለውን እኩል እኩል ያካፍላል። እርሳስ የያዘ እጅ ለዘመናት ሲያውቀው የነበረውን ለማሽኑ እንደገና ማስተማር አስፈለገ። የፒክሳሩ አኒሜተር ጆን ላሴተር የእጅ አኒሜሽን መርሖች በ3ዲ ሥራ እንዴት እንደሚውሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በሲግራፍ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ) ባቀረበው ጽሑፍ አሳይቷል።

መሣሪያው የተገኘው ከመኪና ፋብሪካ ነው። በሬኖ የሚሠራው ፒየር ቤዚየር የመኪና አካል ለመንደፍ የተጠቀመበት ከርቭ (ጠማማ መስመር) ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በሲትሮየን የነበረው ፖል ደ ካስተልዦ ቀድሞት ቢደርስበትም ኩባንያው ሥራውን ደብቆ ስለያዘው ስሙ ሳይወጣለት ቀረ። በኪፍሬሙ ግራና ቀኝ የምንጎትታቸው ሁለት ሃንድሎች (እጀታዎች) የዚሁ ከርቭ ናቸው።

አፍተር ኢፌክትስ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኮሳ በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነው፤ ወዲያው ወደ አልደስ፣ በ1994 ደግሞ ወደ አዶቢ እጅ ገባ። በኤፍ9 የሚሰጠው «ኢዚ ኢዝ» የሚባለው ትዕዛዝ ሃንድሎቹን በ33.33 በመቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ከላይ የተጠቀሱት 5 እና 60 የመጡት ከዚሁ ነው። በግራፍ ኤዲተር ያንኑ ክብ የፍጥነት ግራፍ ከፍተን ብናይ ከዜሮ ተነስቶ መሃል ላይ በሰከንድ 1500 ፒክስል ደርሶ ወደ ዜሮ የሚመለስ ጉብታ እናገኛለን። የመጨረሻው ሃንድል ወደ ግራ በተጎተተ ቁጥር ጉብታው ወደ መነሻው ተጠግቶ ይሾላል፤ ክቡ ፈጥኖ ተነስቶ ረጅም ዝግታ ያገኛል። ለጀማሪ ሥራ መልክ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ አንድ ጉተታ ነው። ባለሙያ በኤፍ9 ብቻ ረክቶ አይነሳም።

በዌብ በኩል ሮበርት ፔነር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለፍላሽ (ያኔ ለዌብ አኒሜሽን ይሠራበት ለነበረው ፕሮግራም) የጻፋቸው የኢዚንግ ቀመሮች ዛሬም በየፕሮግራሙ አሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው «ባክ» መድረሻውን አልፎ የሚመለስ ሲሆን፣ የሚያልፈው ርቀት 10 በመቶ እንዲሆን የተመረጠው ቁጥር 1.70158 ነው።

የስም ጣጣ

ኢዝ ኢን ማለት ምን ማለት ነው? በሲኤስኤስ (የዌብ ገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ) እና በፔነር ቀመሮች እንቅስቃሴው ሲጀምር ዝግ ማለቱ ነው። በአፍተር ኢፌክትስ ግን ወደ ኪፍሬሙ ሲገባ ዝግ ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አኒሜተሩ «ኢዝ ኢን አድርገው» ብሎ ለፕሮግራመር ሲልክ ሥራው ተገልብጦ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው ትክክል ነው በሚለው ክርክር አለ፤ ለአኒሜተር የኪፍሬሙ አጠራር ይቀርባል። ስሙን ትቶ «ሲነሳ» እና «ሲቆም» ማለት ግን ከሁሉም ይገላግላል።

አጠቃቀም

ወደ ስክሪን የሚገባ ነገር ሲቆም ይዘግማል፣ ከስክሪን የሚወጣ ነገር እየፈጠነ ይሄዳል፤ በስክሪኑ ውስጥ ቦታ የሚቀይር ሁለቱንም ያገኛል። ኪፍሬሞቹ ከሁለት ሲበልጡ ሁሉንም መርጦ ኤፍ9 መጫን የተለመደ ስህተት ነው። ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ኪፍሬም ዜሮ ስለሚሆን ነገሩ በየመንገዱ እየቆመ ይሄዳል፤ ይህን ያላደረገ አኒሜተር የለም። በቦታ ኪፍሬሞች ላይ የመካከለኞቹን «ሮቭ አክሮስ ታይም» ማድረግ (ጊዜያቸውን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያስተካክል መተው) ፍጥነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ከርቭ ያደርገዋል። ሳያቋርጥ ለሚሽከረከር የሎዲንግ ምልክትና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ለሚገጥም ሉፕ (ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ) ኢዚንግ አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም፤ መጋጠሚያው ላይ በየዙሩ ይደናቀፋል።