ፖስትፒል እንዴት ነው የሚሰራው? መቼስ ይወሰዳል?

ፋርማሲ ገብታ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፖስትፒል አለ?» ትላለች። ባለሙያው በፌስታል ጠቅለል አድርጎ ይሰጣታል፤ ከፍላ ውልቅ። እፍረቱ ይገባኛል። ግን በዚያች ጥድፊያ መነገር ያለበት ብዙ ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ፖስትፒል የአንድ ምርት ስም ነው፤ እኛ አገር ግን ከግንኙነት በኋላ የሚዋጥ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንክብል ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። ውስጡ ያለው ሊቮኖርጀስትረል የሚባል ሆርሞን ነው። ሙሉ መጠኑ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማሸጊያው ውስጥ ባለ 0.75 ሁለት ፍሬ ካለ ሁለቱንም አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል፤ ሁለተኛዋን ለ12 ሰዓት ማቆየት የድሮ አወሳሰድ ነው፣ ስትቆይ ደግሞ ትረሳለች።

«ያስወርዳል» የሚሉ አሉ። አያስወርድም። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ግንኙነት ተደርጎ እንቁላሏ ረቡዕ ብትወጣ እንኳ እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። እንክብሉ የሚገባው እዚህ መሃል ነው። እንቁላሏ በቶሎ እንዳትወጣ ያዘገያታል፤ የወንዱ ዘር ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቅበታል። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች ግን እንክብሉ እምብዛም አይፈይድም። እርግዝና ካለም ፅንሱን አይጎዳውም።

«በ72 ሰዓት ውስጥ» ሲባል ብዙዎች «ሦስት ቀን አለኝ» ብለው ይረጋጋሉ። እባካችሁ እንዲህ አታስቡት። ኮንዶሙ ቅዳሜ ማታ ከተቀደደ፣ እሁድ ጠዋት መዋጥና ማክሰኞ ማታ መዋጥ አንድ አይደለም። ከ3 ቀን በኋላ እስከ 5ኛው ቀን ሊረዳ ቢችልም አቅሙ እየደከመ ነው የሚሄደው። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ደግማ መውሰድ አለባት። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት፣ ኤፋቪሬንዝ ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ወይም እንደ ካርባማዜፒን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለባለሙያው ትናገር፣ እነዚህ የእንክብሉን ኃይል ይቀንሱታል። ክብደቷ ከፍ ያለ ሴት ላይም ሊደክም ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ከሁሉም አስተማማኙ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ መሆኑን ነው። ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕ በ5 ቀን ውስጥ በባለሙያ ከገባ ከ100 ሴቶች ከ99 በላይ የሚሆኑትን ይከላከላል፣ እዚያው ከቆየም ለዓመታት ያገለግላል።

ከእንክብሉ በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ትንሽ ደም ማየት ሊኖር ይችላል። ፒሪየድ ቀደም ወይም ዘግየት ሊል ይችላል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ነው። መካን አያደርግም። ደጋግሞ መውሰድም አደገኛ አይደለም፣ ግን ፒሪየድን ያዛባል፣ መደበኛ መከላከያን ያህልም አያስተማምንም። ከዋጠች በኋላ የሚደረግ ሌላ ግንኙነትን አይሸፍንም፤ ስለዚህ መርፌውን ወይም በየቀኑ የሚዋጠውን ያን ዕለት መጀመር ትችላለች፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ኮንዶም ጨምራ።

ኤችአይቪን ግን አይከላከልም። በተለይ ተደፍራ የመጣች ልጅ ካለች ፋርማሲ ብቻ ይዛችኋት አትሂዱ፣ ሆስፒታል ውሰዷት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው የሚበጀው፤ አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያዩ ማዕከላት አሉ።