የፕሮሰሰር መቀመጫ፦ ገንዘባችንን የሚያስበሉን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ተማሪ በሶፍት የተጠቀለለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ዋና ቺፕ፣ ከሻይ ቅጠል ፓኬት አውጥቶ አስቀመጠልኝ። «ጋሼ፣ ክዳኑ አልዘጋ አለኝ» አለ። ክረምቱን ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የገዛው የኢንቴል ኮር አይ 7-4770 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ደግሞ ኮር አይ 5-2400። ሁለቱ አንድ መቀመጫ አይጋሩም። አልገባ ሲለው የመቀመጫውን ክዳን በኃይል ተጭኖት ኖሮ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ከሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ፒኖች (ቀጫጭን የመገናኛ ሽቦዎች) ሁለቱ ጎብጠዋል።

እንዲህ ያለ የልፋት ገንዘብ ሲባክን ማየት ያመኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ሶኬት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ሶኬት ስለሆነ፣ እኔ ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ መቀመጫ እለዋለሁ።

«አይ 7 ከሆነ የትም ይገባል፤ ከሁሉም ይበልጣል»

ስሙ ሳይሆን ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው መታየት ያለበት። 2400 በ2 ስለሚጀምር ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ 4770 አራተኛ፤ 10100 ደግሞ በ10 ስለሚጀምር አሥረኛ። የኢንቴል መቀመጫ ከትውልዱ ጋር ይቀያየራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ኤልጂኤ 1155 በሚባል መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ አራተኛው በ2013 በወጣው 1150፤ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ በ1151፤ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው በ1200፤ ከአሥራ ሁለተኛ እስከ አሥራ አራተኛ በ1700። ቁጥሩ መቀመጫው ውስጥ ያሉትን የመገናኛ ፒኖች ብዛት ይነግራል። በ1155 እና በ1150 መካከል ያለው ልዩነት አምስት ብቻ ነው ብሎ መሞከር ያን ተማሪ ለጉዳት ዳረገው። ፕሮሰሰሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ስርጉዶች ከመቀመጫው ጋር ካልገጠሙ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ኃይል የሚጨምረው ነገር የለም።

«ይበልጣል» የሚለውም ቢሆን በትውልድ ይለያል። የአሥረኛው ትውልድ አይ 3-10100 አራት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አለው፤ የሰባተኛው ትውልድ አይ 7-7700 ያለውም ልክ ይህንኑ ነው። አይ 7 የሚለውን ተለጣፊ ብቻ አይቶ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም።

«የመቀመጫው ቁጥር አንድ ከሆነ ይሠራል»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ተጠንቅቆ፣ ቁጥሩን አረጋግጦ ገዝቶም ይከስራል። 1151ን እንውሰድ። የስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ለስድስተኛውና ለሰባተኛው በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ያለምንም ችግር ይቀመጣል፤ ክዳኑም ይዘጋል። ሲያበሩት ግን አይነሳም። ኢንቴል የአንዳንዶቹን ፒኖች ሥራ ስለቀየረ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለ፣ ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌ ኤች 310 ወይም ቢ 360። ኤች 110 እና ቢ 250 የቀድሞዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከመቀመጫው ቁጥር በተጨማሪ የቺፕሴቱን ስም ይጠይቁ።

ባዮስም አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ማለት ነው። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ኤኤም 4 መቀመጫ ረጅም ዕድሜ ስላለው ለአነስተኛ በጀት እወደዋለሁ፤ ራይዘን ከሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ ከመጀመሪያው እስከ 5000 ተከታታይ ድረስ አስተናግዷል። ሆኖም ቢ 450 ቺፕሴት ያለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5600 ከመግጠም በፊት ባዮሱ መታደስ አለበት፤ የሚታደሰውም አሮጌው ፕሮሰሰር ከቦታው ሳይነሳ ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከሌለዎት ካለው ሰው ዘንድ ወስደው ያሠሩ፤ «ዛሬ መብራቱ ደህና ነው» ብሎ መጀመር አይገባም።

«ፒን ከጎበጠ ማዘርቦርዱ ሞቷል»

ሁልጊዜ አይደለም። የተማሪውን ማዘርቦርድ ከመስኮቱ አጠገብ አድርጌ የስልክ መብራት በአግድም አበራሁበት። ፒኖቹ በመስመር እንደተዘራ በቆሎ ረድፍ ይዘው ሲያብረቀርቁ፣ የጎበጡት ሁለቱ መስመሩን ሰብረው ታዩ። በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ በቀጭን መርፌ ጫፍ ከሥራቸው ገባ ብዬ ቀስ እያደረግሁ አነሳኋቸው። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ትዕግሥት እንጂ ጥንካሬ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ደጋግሞ ወዲያ ወዲህ ማጠፍ ግን ይሰብራቸዋል።

በኤኤም 4 ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ 1331 ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። የጎበጠውን በረድፎቹ መካከል ምላጭ አስገብቶ ማቃናት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎብጡት ማቀዝቀዣው ሲነቀል ነው፤ በመካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ስለሚጣበቅ ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ይዞት ይመጣል። ከመንቀልዎ በፊት ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርተው ያሙቁት፤ አጥፍተው ገመዱን ከነቀሉ በኋላ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞሩ ያላቁት።

ያገለገለ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ብር ከመቁጠሩ በፊት መቀመጫውን ከፍቶ ይመልከት። አላሳይም የሚል ሻጭ ካለ ትቶ መሄድ ነው።

«ኤፍ ያለበት የተሻለ ነው»

ኤፍ ማለት ፕሮሰሰሩ የራሱ የምስል ማውጫ የለውም ማለት ነው። አይ 3-12100ኤፍ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ሰው ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል። በኤኤም 4 ላይም በስማቸው መጨረሻ ጂ የሌላቸው ራይዘኖች እንዲሁ ናቸው።

«ማቀዝቀዣው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራል»

ከ1155 እስከ 1200 ባሉት መካከል፣ አዎ፤ ማቀዝቀዣው ማዘርቦርዱ ላይ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ርቀት 75 ሚሊሜትር ነው። በ1700 ግን 78 ሆኗል፤ ለእሱ የተሠራ ማሰሪያ ያስፈልጋል። በአዳማ ሙቀትና አቧራ ላላ ብሎ የተቀመጠ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ያግለዋል፤ ኮምፒውተሩም ሥራ መሐል ይጠፋል።

«አዲሱን መቀመጫ መግዛት ሁልጊዜ ያዋጣል»

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም 5 ዲዲአር 5 የሚባለውን የራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ዓይነት ብቻ ይቀበላል። ያለዎት ዲዲአር 4 ከሆነ ራሙንም ጨምረው ሊገዙ ነው። 1700 እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር 4 ወይም ዲዲአር 5 ይቀበላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም። ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ቤት ግን አሮጌ 1155 ላይ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) መግጠምና ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ከአዲስ ፕሮሰሰር ይልቅ ለውጡ ይታያል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ይህ ክብደት አለው።

ያ ተማሪ አሮጌው አይ 5 ወደ ቦታው ተመልሶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኑን ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ከማዘርቦርዱ ላይ እያነበበ «ኤች 61፣ 1155፣ ዲዲአር 3» ብሎ ጻፈ። አይ 7-2600 እንደሚስማማው ነግሬው አስጻፍኩት። 4770ውን ወደ ፓኬቱ መልሶ፣ ሻጩ ይቀይርልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።