ችግር ተኮር ትምህርት ምንድን ነው? በራዲዮግራፊ (በኤክስሬይ ምስል ማንሣት) ሥልጠና ውስጥስ?

ችግር ተኮር ትምህርት ችግሩ ከሌክቸሩ የሚቀድምበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ተማሪው ገና ያልተማረውን የሚፈትን ጉዳይ ይሰጠዋል፤ የጎደለውን ዕውቀት ለይቶ፣ ራሱ አንብቦ ይመለሳል። ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ለማጠናከሪያ የሚቀርብ «ኬዝ» ሌላ ነው፤ ብዙ ቦታ ሁለቱ ይምታታሉ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ በሰባት ደረጃ የሚካሄደው መልኩ ከኔዘርላንዱ ማስትሪክት የመጣ ነው።

ደሴ ላይ ለሚሠለጥን የራዲዮግራፊ ተማሪ የሚሆን ችግር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በኮምቦልቻ መንገድ ሚኒባስ ተገልብጦ የተጎዳች የ24 ዓመት ሴት በቃሬዛ መጣች። ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቀኝ ጎኗን ያማታል። የምርመራ መጠየቂያው ላይ የተጻፈው ‹ቼስት ፒኤ› ብቻ ነው።»

በቃ፤ ከዚህ በላይ መጻፍ ችግሩን ያበላሸዋል።

ከ6 እስከ 10 የሚሆኑ ተማሪዎች ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጠው ይቀመጣሉ። ያልገባቸውን ቃል ያጠራሉ፣ ችግሩን ይለያሉ፣ የሚያውቁትን ሰሌዳ ላይ አውጥተው ያደራጃሉ፣ የማያውቁትን በጥያቄ መልክ ይጽፋሉ። ፒኤ (ጨረሩ ከጀርባ ገብቶ በደረት የሚወጣበት) የሚነሣው ቆሞ ነው፤ መቆም የማትችለው በጀርባዋ ተኝታ በኤፒ (ጨረሩ ከደረት ወደ ጀርባ በሚያልፍበት) ስትነሣ ልቧ ለምን ገዝፎ ይታያል? ደረቷ ውስጥ ደም ወይም አየር ካለ የት ይሄዳል? ከጨረሩ ምንጭ እስከ ምስል መቀበያው ያለው ርቀት ከ180 ወደ 100 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ኤምኤኤሱስ (የሚለቀቀውን ጨረር መጠን የሚወስነው ቁጥር) ምን ይሁን?

የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። 180 ለ100 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 3.24 ይመጣል፤ ስለዚህ ሌላው ሳይቀየር ኤምኤኤሱ ከሲሶ በታች መውረድ አለበት። ሳይቀነስ ቢቀር፣ በፊልም ከሆነ ስሕተቱ ጠቁሮ ይታያል። በዲጂታል ግን ኮምፒውተሩ አስተካክሎ ያማረ ምስል ያወጣል፤ ታካሚዋ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨረር መውሰዷን የሚናገረው የኤክስፖዠር ኢንዴክሱ (ምስል መቀበያው ላይ የደረሰውን ጨረር የሚያመለክተው) ቁጥር ነው፤ እሱን ደግሞ ስንቱ ያየዋል?

ወረቀቱ ስለ እርግዝና ዝም ብሏል፤ ሆን ተብሎ ነው። «እታለም፣ የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» የሚለው በአስታማሚዎቿ ፊት ይጠየቃል ወይስ ለብቻዋ? ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ጨረሩ ደረቷ ላይ በደንብ ከተገደበ ለፅንሱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አስቸኳይ ምርመራ አይቀርም።

ከሦስት አራት ቀን ንባብ በኋላ ተመልሰው ያገኙትን ይከራከሩበታል። በእኛ እምነት እዚህ ላይ ማቆም ለራዲዮግራፈር አይበቃም፤ ኤክስሬይ ክፍል ገብተው፣ ጨረር ሳይለቁ፣ አንዱን ጓደኛቸውን አስተኝተው አቀማመጡን ሊሠሩት ይገባል።

ዘዴው የሚከሽፈው በአብዛኛው በአስተማሪው ነው፤ ዝምታው ሲረዝምበት ሌክቸር ይጀምራል። ሁለተኛው ጠንቅ ጥያቄዎቹን እንደ ሥራ መከፋፈል ነው፦ አንዱ ስለ ርቀት፣ ሌላው ስለ እርግዝና ብቻ አንብቦ ይመጣል። መፍትሔው ሁሉም ሁሉንም እንዲያነብ ማድረግና ለማብራራት የሚነሣውን በዕጣ መምረጥ ነው። ፈተናውም ምርጫ ብቻ ከሆነ ተማሪው ወደ ሽምደዳው ይመለሳል፤ ያልተሟላ መጠየቂያ ወረቀት ሰጥቶ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ይሻላል።